ላፕቶፑ አለ፣ ሾፌሩ የለም

እኛ ሰፈር «ሾፌር ጠፋ» ከተባለ ወሬው የባጃጅ ነው። ሰሞኑን ግን አራት ቀን ሙሉ ስለ ሌላ ዓይነት ሾፌር ስንጨቃጨቅ ከረምን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመካከላችን አንዱ ታይዋን ወርዶ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዛ። (ድሬን ለማታውቁ፣ ታይዋን ያልነው የኛዋን ታይዋን ነው፤ ገበያውን። ቪዛ አይጠይቅም፣ መከራከር ብቻ ነው።) ላፕቶፑ ለዕድሜው ደህና ነው። ኪቦርዱ አልተላጠም፣ ስክሪኑ አልተሰነጠቀም፣ ባትሪውም አንድ ፊልም ያስጨርሳል። ችግሩ ውስጡ ያለው ዊንዶውስ 10 ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕና ቀረብ ባሉት ዓመታት የወጣ ፕሮሰሰር ካላየ በሩን አይከፍትም። ምንም ያልሆነ፣ ገና የሚሠራ ማሽን በአንድ ቀን ጡረታ ወጣ ማለት ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ የምንጽፈው ለመዘነጥ አይደለም። የዚህ ታሪክ ባለቤቶች የሚቆጥሩት በዚያ ስለሆነ ነው።)

ከተማችን ውስጥ እንዲህ ያለ ላፕቶፕ የያዘ ሰው ብዙ ነው። ተማሪው፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱ፣ የሠርግ ቪዲዮ አቀናባሪው። መፍትሔ የሚባለውም ይታወቃል። ከእጅ ወደ እጅ የዞረ ክራክ ዊንዶውስ ይጫናል። ከዊንዶውሱ ጋር ማን እንደላከው የማይታወቅ ቫይረስ አብሮ ይገባል። ፍላሽ ላይ ያለው ፎልደር ሁሉ ሾርትከት ይሆናል። የመመረቂያ ጽሑፍ ይጠፋል፣ ይለቀሳል፣ ከዚያ እንደገና ክራክ ይጫናል። ይህን ዙር ያልዞረ እጁን ያውጣ።

ጓደኛችን ዙሩን ሁለት ጊዜ ዞሮታል። አርብ ደግሞ ለግቢ የሚያስገባው ፕሮፖዛል አለው። ስለዚህ እሁድ ማታ ሰብሰብ አልንና ሊኑክስ እንጫንለት አልን።

ሊኑክስን ለማታውቁት በአጭሩ፣ ሊነስ ቶርቫልድስ የሚባል የፊንላንድ ተማሪ በ1991 የጀመረው፣ ከዚያ የዓለም ሰው ሁሉ እየተቀባበለ ያሳደገው፣ ውስጡ ለማንም ክፍት የሆነ ሥርዓት ነው። «አላውቀውም» አትበሉ፤ አንድሮይድ ስልክ ካላችሁ ኪሳችሁ ውስጥ አለ። ለመጫን ግማሽ ሰዓት አልፈጀብንም። ድምፁ ሠራ፣ ካሜራው ሠራ፣ አማርኛ መጻፊያው ሠራ። ላፕቶፑ ከበፊቱ ፈጠነ። ጓደኛችን «አቦ ይመቻችሁ!» ብሎ ለስላሳ ሊያዝልን ነበር። ከዚያ ዋይፋይ ሊከፍት ሄደ። ዋይፋይ የሚባል ነገር የለም። ጠፍቶ ወይም ደክሞ አይደለም። ላፕቶፑ ዋይፋይ እንዳለው አያውቅም።

የመጀመሪያው ቀን ያለቀው ከላፕቶፑ ጎን ያለችውን የዋይፋይ ማብሪያ ማጥፊያ ስናንቀሳቅስ ነው። ያንን ለታሪክ እንተወው።

ሰኞ ስልክ ላይ ገብተን ፈለግን። የሁሉም ምክር አንድ ነው፤ የካርዱን ድራይቨር አውርዱና ጫኑ። አውርዱ! በምን? ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፣ ለኢንተርኔቱ ዋይፋይ ያስፈልጋል፣ ለዋይፋዩ ድራይቨር ያስፈልጋል፣ ድራይቨሩ ደግሞ ያለው ኢንተርኔት ላይ ነው። ቁልፉን ቤት ውስጥ ትቶ በሩን እንደቆለፈ ሰው ደጅ ቀረን።

ምክር ሰጪዎቹ ለዚህም መልስ አላቸው፤ «ለጊዜው በኬብል ተገናኙ»። የአንድ መስመር ዓረፍተ ነገር ናት፣ ግን እኛን ያናደደችን እሷ ናት። የጻፋት ሰው ቤት ግድግዳው ሥር ራውተር አለ፣ ከራውተሩ የሚወጣ ኬብል አለ፣ እንደዚያ የሌለው ቤት መኖሩ ትዝ አይለውም። እኛ አራታችን ቤት ራውተር የለም። ኢንተርኔታችን የመጣው በሲም ካርድ ነው፣ የሚኖረውም ኪስ ውስጥ ነው። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ኦገስት 29 ቀን 2022 የሙከራ አገልግሎቱን ከአገሩ ሁሉ አስቀድሞ ድሬ ላይ ሲጀምር ስንቶቻችን ለሲም ካርድ እንደተጋፋን ታስታውሳላችሁ። ማንም ግን ለኬብል አልተሰለፈም።

ማክሰኞ ተስፋ ቆረጠ። «ክራኩን መልሱልኝ፣ አርብ ደረሰ» አለን። እውነቱን ነው። ሰው ከሊኑክስ የሚሸሸው መልኩን ስለጠላው ወይም ስለከበደው ነው ሲባል እንሰማለን። እኛ ያየነው ሌላ ነው። ሁሉን ወዶት፣ በአንዲት የጥፍር ስፋት ባላት ቺፕ ምክንያት ወደ ቫይረሱ ሊመለስ ነበር።

መውጫውን ያገኘነው ስልኩ ራሱ ላይ ነው። አንድሮይድ ስልክን በዩኤስቢ ገመድ ከላፕቶፑ ጋር አያይዛችሁ፣ ሴቲንግ ውስጥ ሆትስፖት ከሚለው ስር «ዩኤስቢ ቴዘሪንግ» የሚለውን ብትከፍቱ ሊኑክስ ስልኩን እንደ ኬብል ኢንተርኔት ይቆጥረዋል። ለዚህ የሚያስፈልገው ድራይቨር ከሊኑክሱ ጋር አብሮ ይመጣል፣ የሚወርድ ነገር የለም። ይህን አንድ አንቀጽ ብቻ አንብባችሁ ብትሄዱ አንቀየምም። ታዲያ እኛ ስናደርገው እምቢ አለ። ግማሽ ቀን ስልኩን ስንሰድብ ውለን ጥፋቱ የገመዱ ሆኖ ተገኘ። በርካሽ የሚሸጡት ገመዶች አንዳንዶቹ ቻርጅ ብቻ ነው የሚያደርጉት፤ ውስጣቸው የመረጃ ሽቦ የለም። ገመድ ቀየርን፣ ወዲያው ሠራ። ሐሙስ ማታ ድራይቨሩ ወረደ፣ ተጫነ፣ ማሽኑ ጠፍቶ በራ፣ የጎረቤት ዋይፋይ ስሞች ተዘረዘሩ። (አንዱ «አትልፉ ፓስዎርድ አለው» ይላል። ሰላምታችን ይድረሰው።)

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ለምንድን ነው ድምፁም ካሜራውም ሳይጠየቅ ሠርቶ ዋይፋዩ ብቻ እንዲህ ያስቸገረው?

ድራይቨር ማለት እንደ ስሙ ሾፌር ነው። ካርዱን እንዴት መንዳት እንደሚቻል የሚያውቅ ፕሮግራም። ብዙ የዋይፋይ ካርዶች ግን ሾፌር ብቻ አይበቃቸውም። ማሽኑ በበራ ቁጥር ካርዱ ውስጥ የሚጫን ሌላ ትንሽ ፕሮግራም አለ፣ ፈርምዌር ይባላል። ያለሱ ካርዱ የተኛ ብረት ነው። የሊኑክስ ሰዎች ሾፌሩን ለመጻፍ የካርዱን አሠራር ማወቅ አለባቸው፤ ፈርምዌሩን ለማደል ደግሞ የአምራቹ ፈቃድ ያስፈልጋቸዋል። አምራቹ ሁለቱንም ከከለከለ ካርዱን ገዝታችሁታል እንጂ የእናንተ አይደለም።

በዚህ ዓለም ከታወቁት ታሪኮች ዋናው የብሮድኮም ነው። በ2000ዎቹ አጋማሽ የብሮድኮም ቺፕ በየላፕቶፑ ነበር፣ ለሊኑክስ የሚሆን ክፍት ድራይቨር ግን ኩባንያው አልሰጠም። ያኔ ሰዎች ሁለት መንገድ ያዙ። አንደኛው ኤንዲአይኤስራፐር የሚባል ማታለያ ነው፤ የዊንዶውሱን ድራይቨር ሊኑክስ ውስጥ አምጥቶ «ዊንዶውስ ላይ ነህ» እያለ ያሠራዋል። እንግዳን ቤቱ እንዳለ እያስመሰሉ ማሳደር በሉት። ይሠራል፣ እስኪባንን ድረስ።

ሁለተኛውን ነው የምንወደው። በጎ ፈቃደኞች ለሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ቡድን የተዘጋውን ድራይቨር መርምሮ ካርዱ ምን ሲባል ምን እንደሚያደርግ በጽሑፍ ያሰፍራል። ሌላኛው ቡድን የተዘጋውን ጨርሶ ሳያይ፣ ጽሑፉን ብቻ ይዞ አዲስ ድራይቨር ይሠራል፤ ማንም «ሰረቃችሁ» እንዳይላቸው። የደከሙበት ድራይቨር በ2006 ወደ ሊኑክስ ከርነል ገባ፣ የተሻሻለውም በ2008 መጀመሪያ ተከተለ። ፈርምዌሩን ግን ማደል አልቻሉም፣ የሰው ንብረት ነው። ስለዚህ ከዊንዶውሱ ድራይቨር ውስጥ ፈርምዌሩን ቆርጦ የሚያወጣ ትንሽ መሣሪያ ሠሩ። እያንዳንዱ ተጠቃሚ ራሱ አውርዶ ራሱ ይቆርጣል። ብሮድኮም ራሱ ለአዳዲስ ካርዶቹ ክፍት ድራይቨር ያወጣው በ2010 ነው።

ይህን ታሪክ ከመካከላችን ለአንዱ አባት ነገርናቸው። የምድር ባቡር ጡረተኛ ናቸው። ሐዲዱ በ1902 ድሬ ሲደርስ ከተማዋ አብራው ተቆረቆረች፤ ለገሃር የምንለው እንኳን ከፈረንሳይኛ ያመጣነው ነው፤ የባቡሩ ጋራዥም እዚሁ ነበር። ስለ ፈርምዌር ምንም አያውቁም። ሰምተው ሲጨርሱ «ታዲያ ምን ይገርማል ልጆቼ? ዕቃ ሲሰበር ከውጭ እስኪመጣ ባቡሩ ቆሞ ይጠብቃል? ፈተን፣ ለክተን፣ ቶርኖ ላይ አውጥተን እንገጥማለን እንጂ» አሉን። ለክተን ያሉት የመጀመሪያው ቡድን ነው፣ ቶርኖው ሁለተኛው። እኛ በአንድ ሰዓት ያላስረዳነውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሱት።

አምራቾቹ ምክንያት አላቸው፣ እንስማቸው። ዋይፋይ ሬዲዮ ነው፣ ሬዲዮ ደግሞ በየአገሩ ሕግ አለው፤ ከፍተን ብንሰጥ ሰው ኃይሉን እያሳደገ የማይፈቀድ ሞገድ ይረብሻል ይላሉ። ጨርሶ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን አቴሮስ የሚባለው ኩባንያ በ2008 ለአዲሶቹ ካርዶቹ ክፍት ድራይቨር አወጣ፣ ያውም ፈርምዌር የማይጠይቅ። ሰማይ አልወደቀም። ሪልቴክም በ2019 ሠራተኞቹ የጻፉትን ድራይቨር ወደ ከርነሉ አስገብቷል። ስለዚህ ጉዳዩ አይቻልም ሳይሆን ማን ግድ ይለዋል ነው።

እስከዚህ ድረስ የሊኑክስ ወዳጆች ሁሉ ይስማሙናል። የሚቀጥለውን ግን ላይወዱት ይችላሉ።

ጥፋቱ የአምራቾች ብቻ አይደለም። ከክፍት ሶፍትዌር ሰዎች መካከል «የተዘጋ ፈርምዌር ቤታችን አይገባም» የሚል የንጽሕና ጾም ነበር፣ አሁንም የሚጾሙ አሉ። ዴቢያን ለምሳሌ፣ ለብዙ ዓመታት ዋናው መጫኛው ውስጥ የተዘጋ ፈርምዌር አልነበረም። ፈርምዌር ያለበት ሌላ መጫኛ ነበር፣ ግን «ይፋዊ ያልሆነ» ተብሎ ጓዳ ነው የተቀመጠው፤ ፈላጊው ፈልጎ ያግኘው። አባላቱ በ2022 ድምፅ ሰጡና ሐሳባቸውን ቀየሩ፣ በ2023 የወጣው ዴቢያን 12 ፈርምዌሩን ይዞ መጣ። ጥሩ አደረጉ። ከዚያ በፊት ግን የዚያን ጾም ዕዳ የከፈለው ማነው? ቦስተን ያለው ሰው በኬብል አውርዶ ጨርሷል፤ ለሱ የአምስት ደቂቃ ጉዳይ ናት። የከፈለው ኬብል የሌለው፣ ፓኬጁን በሜጋ ቆጥሮ የሚገዛ ሰው ነው። የአቋሙ ክብር ለአንዱ፣ ወጪው ለሌላው።

እኛም ነፃነቱን እንፈልገዋለን፤ ከላይ ስለ ቶርኖው የጻፍነው ለጌጥ አይደለም። ግን ሰው መጀመሪያ ቤት ይግባ፣ ከዚያ ስለ ቤቱ ባለቤትነት እንነጋገር። በሩ ላይ ሰው አቁሞ ስለ ነፃነት መስበክ አይሆንም።

ይህ ክርክር በአገራችን ሳናውቀው አንድ ጊዜ አልፏል። በ2008 በሺዎች የሚቆጠሩ ነጭና አረንጓዴ የልጆች ላፕቶፖች ወደ ኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች መጥተው ነበር፤ «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የሚባለው ፕሮጀክት። ሊኑክስ ነበር የሚያሠራቸው፣ ሐሳቡም ልጁ ፈትቶ ውስጡን እንዲያይ ነው። የዋይፋይ ቺፓቸው ግን የማርቬል ነበር፣ ፈርምዌሩም ዝግ። ውጭ አገር በዚህ ጉዳይ ገና ላፕቶፑ ሳይወጣ ተጨቃጭቀውበታል። ልጆቹ ግን ፈርምዌሩን ሳይሆን ላፕቶፑን ነበር የሚፈልጉት። እኛ ያኔ ብንጠየቅ ዝጉን ይዛችሁ ኑ፣ መክፈቱን እንቀጥላለን እንል ነበር።

የሚያሳስበን ሌላ ነገር አለ። በጁን 2020 መጨረሻ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ለሳምንታት ተዘግቶ እንደነበር አልረሳነውም። እንዲህ ባለ ጊዜ ላፕቶፕ የተበላሸበት ሰው ምን ያደርጋል? ዩኤስቢ ቴዘሪንጉም አይረዳውም። «ኢንተርኔት ላይ አለ» የሚባል ነገር ድሬ ላይ አለ ማለት አይደለም።

በዚህ በኩል የድሮዎቹ ይሻሉ ነበር። የኡቡንቱ ሰዎች ከ2005 እስከ 2011 ድረስ የጠየቃቸው ሰው ሁሉ ዘንድ ሲዲ በነፃ በፖስታ ይልኩ ነበር። ስምና ፖስታ ሣጥን ቁጥር ጽፎ መጠበቅ ነው። ሥርዓቱ በእጅ ይመጣል፣ በእጅ ይተላለፋል። ያ ቀረ፣ በቦታው የገባው «ዳውንሎድ» የሚለው ቁልፍ ነው።

የምንጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። ሙሉው የሊኑክስ ፈርምዌር ጥቅል አንድ ተራ ፍላሽ አይሞላም። ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኮምፒውተር የሚማሩ ልጆች አንድ አሮጌ ማሽን ላይ የዋና ዋናዎቹን ሊኑክሶች መጫኛ፣ የፈርምዌሩን ጥቅልና በብዛት የሚጠየቁትን ድራይቨሮች አስቀምጠው በየወሩ ቢያድሱት ከተማው ሁሉ ይቀዳል። ታይዋን ያሉ ጠጋኞችም እንደዚሁ፤ ዊንዶውስ ለመጫን የሚያስከፍሉትን ለዚህም ያስከፍሉ፣ አንከራከርም። (ከሞተ ላፕቶፕ የወጣ የኢንቴል ወይም የአቴሮስ ካርድ ካላቸውም አይጣሉት፤ በብዙ አሮጌ ላፕቶፖች ላይ ካርዱ በአንድ ወይ በሁለት ብሎን ነው የታሰረው፣ ይቀየራል። አንዳንዱ ላፕቶፕ የማያውቀውን ካርድ አልቀበልም እንደሚል ግን አስቀድማችሁ እወቁ።) መሥሪያ ቤቶች ደግሞ ኮምፒውተር ለመግዛት ጨረታ ሲያወጡ አንዲት መስመር ይጨምሩ፤ «የዋይፋይ ካርዱ ያለተጨማሪ ድራይቨር በሊኑክስ የሚሠራ»። ዊንዶውስ ለሚጠቀሙበት ዓመታት አይጎዳቸውም። ከአሥር ዓመት በኋላ ማሽኑ ወደ ታይዋን ሲወርድ የሚገዛው ልጅ ያመሰግናቸዋል።

ላፕቶፕ ልትገዙ ከሆነ ደግሞ ይህን አድርጉ። ሊኑክስ ያለበት ፍላሽ ይዛችሁ ሂዱና ሳትጭኑ ከፍላሹ ላይ ብቻ አስነሱት። የዋይፋይ ስሞች ከታዩ ግዙ። ካልታዩ ዋጋ አስቀንሱበት። ባለሱቁ መጀመሪያ ይገላምጣችኋል፣ ሦስተኛው ደንበኛ እንዲሁ ሲያደርግ ግን ራሱ ፍላሽ መያዝ ይጀምራል።

ፕሮፖዛሉ አርብ ጠዋት ገብቷል። ማክሰኞ ያደረው ንዴት ግን ጥሩ ነገር ወልዷል። የደከምንበትን ሁሉ፣ መጫኛውንም ፈርምዌሩንም፣ አንድ 32 ጊጋ ፍላሽ ላይ አድርገነዋል። እስካሁን ሰባት ሰው ቀድቶታል። ስትመጡ የራሳችሁን ፍላሽ ይዛችሁ ኑ፣ እሱን አናውስም፤ የዩኤስቢ ገመዳችሁም የመረጃ ሽቦ ያለው ይሁን።